የስልክ ሕክምና ውለታ ሳይሆን መብት እንዲሆን

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ፣ በደነባ አካባቢ በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት የሚያገለግሉ ባለሙያ ያደረጉት ንግግር)

ክቡራን የዩኒየናችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ክቡራን የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮችና አባላት አርሶ አደሮች፣



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ከጥቁር አፈራችን ላይ ውኃ ስለ ማጠንፈፍ እንድናገር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ሥራዬም እሱ ነው። ዛሬ ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ ስለ ሕክምና እናገራለሁ። የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ከግብርና ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ሕክምና እንድናገር ያስገደደኝ በሥራዬ ላይ ያጋጠመኝ አንድ ጉዳይ ስለሆነ በእሱ ልጀምር።

ጊዜው ጥቅምት ነበር። ምስር ላይ ክሽክሽ ገብቶ አርሶ አደሩ ርጭት ላይ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የደወሉት የአንድ አባላችን ባለቤት ናቸው። «ልጄ፣ ድረሽልኝ፤ የልጆቼ አባት ማሳው ላይ ወድቋል» አሉኝ። ሮጬ ስደርስ በጀርባቸው አዝለውት የነበረው መርጫ ሲያፈስ ቆይቶ ሸሚዛቸው በኬሚካል ርሷል። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ለሃጫቸው ይዝረበረባል፤ ያስመልሳቸዋል፤ ትንፋሽም አጥሯቸዋል። አንዱ ጎረቤት ወተት በቅል ይዞ ቆሟል። ሌላው «ይተኛና ያርፍ» ይላል። አምቡላንስ ስንጠይቅ ወላድ ይዞ መንገድ ላይ ነው ተባልን።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ የኮሌጅ ጓደኛዬ ወንድም ሐኪም መሆኑ ትዝ አለኝ። የሚሠራው ከእኛ ርቆ በሌላ ከተማ ነው። ደወልኩለት። ሦስት ነገር ጠየቀኝ። የኬሚካሉ ስም ምን ይላል? የዓይናቸው ብሌን ጠቧል ወይስ ሰፍቷል? ስትጠሪያቸው ይመልሳሉ? ከጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩለት፤ ዳይሜቶኤት ይላል። ብሌናቸው እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። ሲጠሯቸው ይመልሳሉ። እሱም፣ «ከማሳው አውጧቸው፤ ልብሳቸውን በሙሉ አውልቃችሁ ገላቸውን በብዙ ውኃና ሳሙና እጠቡ፤ የምታጥቡት ሰዎች እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ወተትም ቢሆን ምንም በአፋቸው እንዳትሰጡ። በጎናቸው አስተኟቸው። ጠርሙሱን ከነጽሑፉ ይዛችሁ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ወዳለበት ተቋም አድርሷቸው» አለኝ። እንዳለን አደረግን። በባጃጅ ወሰድናቸው፤ በጊዜ ደረሱ፤ ተረፉ። ይህን የምናገረው አስፈቅጄ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ለምን እንደማልጠራ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

በሳምንቱ ላመሰግነው ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። የመለሰልኝ መልስ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ። «የረዳሁሽ ስለማውቅሽ ነው። ያን ቀን የተናገርኩት ነገር የትም አልተመዘገበም። ስሕተት ተናግሬ ሰውዬው ቢሞቱ ኖሮ እኔም አንቺም ምን እንደምንባል አላውቅም» አለኝ።

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ይህን ቃል ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እኝህ አባት የተረፉት የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ የሐኪም ወንድም ያላት ጓደኛ ስለነበረቻት ነው። በማግሥቱ በሌላ ጎጥ ሌላ ሰው ቢወድቅና በአካባቢው ሐኪም የሚያውቅ ሰው ባይኖርስ? ስልኩ በሁሉም ኪስ ውስጥ አለ። እውቀቱም በሐኪሞቻችን ዘንድ አለ። በሁለቱ መካከል የሚያገናኘው ግን ዘመድና ትውውቅ ነው። ትውውቅ ያለው ይረዳል፤ የሌለው መንገድ ላይ ይቀራል። ውለታን መብት የሚያደርገው ሕግ ነው። የዛሬ ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ሐኪምና ታማሚ በአንድ ቦታ ሳይገናኙ በስልክ፣ በጽሑፍ ወይም በምስል የሚሰጥ ሕክምና የርቀት ሕክምና ወይም ቴሌሜዲስን ይባላል። ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት ባቀረበው የአፍሪካ የመረጃ መረብ ፕሮጀክት አማካይነት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሕንድ አገር ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ሲገባ 8335 የስልክ መስመር የስንቱን ሰው ጥያቄ እንዳስተናገደ ሁላችንም እናስታውሳለን።

እኛ የግብርና ሰዎች ደግሞ በዚህ ረገድ ከሐኪሞቹ ቀድመናል ማለት ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የአርሶ አደሮች ነጻ የስልክ መስመር አስጀምሯል። አርሶ አደሩ በራሱ ቋንቋ ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዋግ በሽታ ያዳምጣል። ከዚህ መስመር የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አርሶ አደሩ ካዳመጠ በኋላ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ይደውላል። «መስመሩ እንዲህ ብሏል፤ የእኔ ማሳ ግን ውኃ ተኝቶበታል፤ ምን ይሻላል?» ይለኛል። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ ምክር በቅርብ ሆኖ ቅጠሉን የሚያገላብጥ ሰው ይፈልጋል። በዚያ የጥቅምት ቀንም ሐኪሙ ያላየውን የዓይን ብሌን ያየሁለት፣ ያልጨበጠውን ጠርሙስ ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ። የእኔ ሥራ ግን አልነበረም። ሥራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነው።

በ1995/96 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን መድቧል። አንድ ጤና ኬላ ለ5 ሺህ ያህል ሕዝብ፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ለ25 ሺህ ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። እነዚህ እህቶቻችን የቤታችንን በር ያውቃሉ፤ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን የደም ግፊት እንዳለበት ያውቃሉ። የርቀት ሕክምና ወደ ደነባ ገጠር የሚመጣ ከሆነ በእነሱ እጅ በኩል ነው መምጣት ያለበት።

ወደ ሕጉ ልመለስ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝብ ጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ተደንግጓል። ለርቀት ሕክምና መሠረት የሚሆኑ አዋጆችም ባለፉት ዓመታት ወጥተዋል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሰነድና ፊርማ ሕጋዊ ውጤት የሚኖረውን መንገድ ከፍተዋል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ዘርፉን ለውድድር ከፍቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የጤና መረጃ በጥብቅ ከሚጠበቁት ውስጥ መድቦታል። እነዚህ ትልልቅ ምሰሶዎች ናቸው። ነገር ግን ምሰሶ ብቻውን ቤት አይሆንም፤ ማገርና ክዳን ይፈልጋል። ለእኔ ሕጉ ደረሰ የምለው መመሪያው በቀበሌያችን ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ማን ለማን በምን ሰዓት እንደሚደውል ሲናገር ነው። ያ መመሪያ እንዲወርድ ስንጠይቅ አራት ነገሮች በግልጽ እንዲቀመጡበት ያስፈልጋል እላለሁ።

አንደኛው ኃላፊነት ነው። እኔ ለአንድ አርሶ አደር ምክር ስሰጥ በጉብኝት መዝገቤ ላይ እጽፋለሁ፤ ቀኑና ፊርማዬ አለበት። ነገ ተሳስተሻል ብባል የምጠየቅበት፣ አልተሳሳትኩም ብል የምከራከርበት መዝገብ አለኝ። በስልክ ምክር የሚሰጥ ሐኪምም ፈቃድ ያለው መሆኑ የሚታወቅበት፣ የተናገረው የሚመዘገብበት፣ ታማሚው ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርስም መዝገቡ ቀድሞት የሚገኝበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ሐኪሙን የሚያስፈራው ሕግ መኖሩ አይደለም፤ የት ድረስ እንደሚጠየቅ አለማወቁ ነው። ድንበሩ ከተሰመረለት ለማያውቀው ሰውም ስልክ ያነሳል።

ሁለተኛው ተራ የድምፅ ስልክ ከሕጉ ውጭ እንዳይቀር ነው። እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 የቴሌሜዲስን ሕግ አወጣ። ሕጉ በጎ ነበር፤ ሆኖም የስልክ ጭውውት ቴሌሜዲስን አይባልም ብሎ ደነገገ። ያ ክልከላ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጉ በሌላ ሕግ ሲተካ ነው። ባለጸጋ አገር ይህን ለማስተካከል 15 ዓመት ከፈጀባት እኛ ከመጀመሪያው ልንጠነቀቅበት ይገባል። አብዛኛው አርሶ አደር የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ምስል የሚያሳይ ስልክ ያለውም ቢሆን ኢንተርኔት ሁልጊዜ አያገኝም፤ በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውሰው ነው። በምስል ካልሆነ አይቆጠርም የሚል መመሪያ ከወጣ ለከተማ ሰው የወጣ መመሪያ ነው።

ከዚሁ ጋር የሕንድ ተሞክሮ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢሳንጂቫኒ የሚባል የመንግሥት አገልግሎት ጀመሩ። በገጠር ጤና ተቋም ያለች ሠራተኛ ታማሚውን አጠገቧ አስቀምጣ ከሩቅ ሐኪም ጋር ታገናኘዋለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በዚህ አገልግሎት የተሰጠው ምክክር ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ለዚህ ያበቃቸው ከማሽኑ ይልቅ በመሐል የተቀመጠችው ሠራተኛ ናት ብዬ አምናለሁ። የእኛ ጤና ኬላ ለዚህ የተመቸ ነው።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ከክልላችን ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ተካተው ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የመድን ደብተር ይዛችኋል። መድኑ የሚከፍለው ለጤና ተቋም አገልግሎት ነው። በስልክ የተሰጠው ምክር እንደ አገልግሎት ካልተቆጠረ ግን ሐኪሙ በትርፍ ሰዓቱ በነጻ፣ እኔም በራሴ ካርድ ሞልቼ ነው የምንረዳዳው። በበጎ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ ደግሞ በጎ ፈቃዱ ሲደክም ይቆማል። በሩዋንዳ ባቢል የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በተራ ስልክ ሳይቀር ሕክምና ሲሰጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመንግሥት ጋር የአሥር ዓመት ስምምነት ተፈራረመ፤ የአገሪቱ የጤና መድንም ይከፍልለት ጀመር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን በእንግሊዝ ያለው እናት ኩባንያ ሲከስር አገልግሎቱ ተዘጋ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። መድኑ ሲከፍል ሕዝቡ ይጠቀምበታል። ሥሩ በራስ ሆስፒታል ካልተተከለ ግን ባሕር ማዶ በነፈሰ ነፋስ ይነቀላል። ስለዚህ ጤና ኬላችን የሚደውለው ወደ ጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታሎች ቢሆን፣ ክፍያውም በመድኑ ቢሸፈን ይበጃል።

አራተኛው ምሥጢር ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ሰሚ ሲበዛበት ነው። አንዲት እናት የማሕፀን ሕመሟን በጎረቤት ስልክ፣ ልጆቿና አማቿ በተሰበሰቡበት ለሐኪም እንድትናገር ብንጠይቃት ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ይገድላታል። የአባላችንን ስም ያልጠራሁትም ለዚህ ነው። እሳቸው ግድ የለም ቢሉኝም ነገ ሌላው «ብታመም በስብሰባ ላይ ይነገርብኛል» ብሎ ከመደወል እንዲቆጠብ አልፈልግም። በጤና ኬላው ውስጥ በር የሚዘጋበት ክፍልና በሰው እጅ የማይዞር የአገልግሎት ስልክ መኖር አለበት።

ወገኖቼ፣ ነገሩን ከልኩ በላይ አላሳምረውም። ስልክ ምጥ አያዋልድም፤ ደም አይሰጥም፤ የተሰበረ አጥንት አይጠግንም። በዚያ ቀን አትሮፒኑ የነበረው በጤና ተቋሙ መደርደሪያ ላይ እንጂ በስልኩ ውስጥ አልነበረም። የርቀት ሕክምና መንገድንና አምቡላንስን፣ ሐኪምንና መድኃኒትን ይተካል የሚል ሰው ቢመጣ አትቀበሉት፤ በጀት ለመቀነስ የሚቀርብ ምክንያት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ስልኩ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። መሄድ የሌለበትን ሰው ከከንቱ መንገድና ወጪ ያድናል። መሄድ ያለበት ደግሞ ሳይዘገይ፣ በደንብ ተይዞና ተነግሮለት እንዲሄድ ያደርጋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ ጉዳይ ዩኒየኑን ምን ይመለከተዋል የሚል ካለ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ለማኅበረሰብ ማሰብ ሰባተኛው የኅብረት ሥራ መርህ ነው። ሁለተኛውን በድፍረት ልናገር፤ ፀረ ተባይ ኬሚካል ለአባላት የሚደርሰው በእኛም መጋዘን በኩል ነው። ኬሚካሉን የሸጠ እጅ የሚያስከትለውንም አደጋ ማሰብ አለበት። እኔም ብሆን ያን ማሳ ርጩ ብዬ የመከርኩ ባለሙያ ነኝ፤ መርጫው ማፍሰሱን ግን ሄጄ አላየሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ከእንግዲህ ኬሚካል ሲሸጥ ከደረሰኙ ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይሰጥ። መመረዝ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ፣ ጠርሙሱ ከነጽሑፉ እንዲያዝ፣ ወደ የትኛው የጤና ስልክ እንደሚደወል ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተመካክረን እንጻፍበት። ጓንትና የአፍ መሸፈኛም ከኬሚካሉ ጎን ይቅረብ።

ሁለተኛው፣ መብራት ያላቸው የመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘኖች የጤና ኬላውን ስልክ በነጻ ቻርጅ ያድርጉ፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ለጤና ኬላው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ መግዛት ይቻል እንደሆነ ይታይ።

ሦስተኛው፣ የጤና መድን መዋጮ ማሳደሻ ጊዜ አርሶ አደሩ እጁ ላይ ገንዘብ ከሚኖርበት ወቅት ጋር ይገጣጠም። አባሉ በፊርማው ከተስማማ ከትርፍ ክፍፍሉ ላይ ተቀንሶ ይከፈልለት።

አራተኛውና ዋናው፣ ኃላፊነት፣ የድምፅ ስልክ፣ ክፍያና ምሥጢር ያልኳቸው አራት ነጥቦች በቃለ ጉባኤ ተይዘው ለወረዳው፣ ለዞኑ ጤና መምሪያና ለክልሉ ምክር ቤት ይቅረቡ። የጤና መመዘኛ የሚወጣው በፌዴራል ደረጃ ነው፤ ክልሉ ግን የራሱን የማኅበራዊ ልማት ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን አለው፤ ሕጉንም በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ያውጃል። ሕግ አውጪዎች የገጠሩን ሰው ጉዳይ የሚያውቁት ሲነገራቸው ነው። አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ብትጽፍ ደብዳቤ ነው፤ ዩኒየን ሲጽፍ ግን የሺዎች ድምፅ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለማዳበሪያ ግዢ ብቻ አይደለምና።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። መመሪያው ከላይ እስኪወርድ መጠበቅ የማያስፈልገው ሥራ በእጃችሁ አለ። የጤና ኬላዎች፣ የጤና ጣቢያውና የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ተጽፈው በየማኅበሩ መጋዘንና በየወፍጮ ቤቱ በር ይለጠፉ። ይህ አዋጅ አይጠይቅም፤ አንድ ቀን ይበቃዋል።

በመጨረሻም፣ እኝህ አባት በዚህ ዓመትም ምስር ዘርተዋል። መርጫቸው ተጠግኗል፤ ሲረጩም ጓንት ያደርጋሉ። ባለቤታቸው በቅርቡ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ የዚያን ሐኪም ቁጥር ስጪኝ፤ ለክፉ ቀን ላስቀምጠው» አሉኝ። መስጠት አልቻልኩም፤ የሰው የግል ስልክ ነው። እኝህ እናት የጠየቁኝ ቁጥር በሕግ የታወቀ፣ ማንም ሰው የማንንም ዘመድ ሳይለማመጥ የሚደውልበት ቁጥር እንዲሆን ነው የምመኘው። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓላችን ላይ ያን ቁጥር ለእሳቸው ሰጥቼ ብመጣ ለእኔ ከሽልማት ሁሉ ይበልጥብኛል።